የጫልቱ ከንፈርና የሦስት ቀን ስልጠናዬ

ከስልጠና የተመለሰ ሰው አይታችኋል? እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ ራሴንም አይቻለሁ። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ በቀን ሁለቴ ሻይ ጠጥቶ፣ የቡድን ውይይት ላይ «እኔም ከሳቸው ሐሳብ የተለየ የለኝም» ብሎ የተመለሰ ሰው አነጋገሩ ይለወጣል። በፊት «ልጆቹ አልገባቸውም» ይል የነበረው አሁን «የመረጃ ቅበላቸው ላይ ክፍተት ይታያል» ይላል። ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ስለ ጎረቤት ጠብ ስታወራው «እስቲ አንኳር አንኳሩን ንገሪኝ» ይላታል። ሚስትየዋም፣ አምላክ ይስጣትና፣ በሳምንቱ እንደሚለቀው ስለምታውቅ ዝም ትለዋለች። ተማሪ ግን ዝም ከማለት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ደግሞም ሳምንት ለተማሪ ብዙ ነው።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ ያጠብኩት መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ፣ አድርቄ፣ በትራስ ተጭኜ፣ የተረፈውን አንብቤ ነገሩን እረሳው ነበር። ያጠፋሁት ግን ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው ፊቴ እየጋለ ነው። እናንተ ባታዩኝም እኔ ይሰማኛል።

ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሐል ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር መካኒሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ «አእምሮና መማር ማስተማር» የሚል የሦስት ቀን ስልጠና መጣና ዳይሬክተራችን እኔን ላኩኝ። አሰልጣኟ ድምጿ ለስለስ ያለ ወጣት ነበረች። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥሩ ነገር ነው ያስተማረችን። አእምሮ በፍርሃት ሲያዝ ትምህርት አይገባውም አለች። ሳቅና ጨዋታ ያለበት ክፍል ውስጥ ልጅ ዘና ብሎ ይማራል አለች። ሳይገባ የተሸመደደ ነገር ብቻውን እንደማይበቃ ነገረችን። ይህችን የመጨረሻዋን ማስታወሻዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አሰመርኩባት፤ ምክንያቱም ሽምደዳ የሚባል ነገር ድሮም አልወድም፤ ጎበዝ ሸምዳጅ ስላልነበርኩ ነው መሰለኝ።

የሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንደተባለ አትጠይቁኝ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ቁርጥ ቤት ነበርኩ። ፊርማዬን ግን ጠዋት የጠዋቱንም የከሰዓቱንም አከታትዬ ፈርሜያለሁ። ይህንን የማታውቁ መስላችሁ አትዩኝ፤ ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ነው ጠዋት የከሰዓቱን ያልፈረመ?

ሰኞ ዕለት ክፍሌ ገባሁና ትልቅ ካርቶን ላይ «ሽምደዳ አእምሮን ይገድላል» ብዬ ጽፌ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቀልኩ። «ይገድላል» የሚለውን አሰልጣኟ አላለችም። እሷ ያለችው «ብቻውን አይበቃም» ነው። መግደሉን እዚያው መካኒሳ ታክሲ ስጠብቅ የጨመርኩት እኔ ነኝ። «አይበቃም» ካርቶን ላይ ሲጻፍ አያምርም።

አሁን ጫልቱን ላስተዋውቃችሁ። ከበሩ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግታ የምትቀመጥ ልጅ ናት። የምትመጣው ከለቡ ነው። ዘር ማንዘሯ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ አሁን እርሻው ፎቅ ሆኖ ለቤተሰቡ አንድ ግቢና አራት ላሞች ቀርተውታል። እናቷ ወይዘሮ ዲንቄ ወተቱን በጄሪካን ይዘው ጠዋት ጠዋት ኮንዶሚኒየሞቹ ድረስ እያመጡ ያከፋፍላሉ። ጫልቱ እጇን ለማውጣት አትቸኩልም፤ ፈተና ላይ ግን ከሃያ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ታመጣ ነበር። አንድ ልማድ አላት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደብተሯን ትዘጋለች፣ መዳፏን ትጭንበታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጣቶቿንም አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥራለች። ድምጿ አይሰማም። ማንንም አትረብሽም።

ካርቶኑን በሰቀልኩ በሁለተኛው ቀን ስለ ደም ዝውውር አስተምሬ ጨረስኩና ዞር ስል ዓይኔ እሷ ላይ አረፈ። ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይሄዳል፣ ጣቷ ይታጠፋል። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ስልጠናው ላይ የሰማሁት በሽታ በሽተኛውን ይዞ መጣልኝ አልኩ።

«ጫልቱ፣ ተነሺ። ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም ቲቸር።»

«ምንም ከንፈር ያንቀሳቅሳል?»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ማስታወሻዬ ትዝ አለኝ፤ ሳቅ ያለበት ክፍል ውስጥ ልጅ ይማራል። ስለዚህ ጨመርኩበት። መሐል ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከንፈሬን አሞጥሙጬ እንደ እሷ አንቀሳቀስኩ፣ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ልጆቹ ዴስክ እየደበደቡ ሳቁ። «ልጆች፣ ሽምደዳ ማለት ይሄ ነው። በዚህ ሰዓት የጫልቱ አእምሮ ምን እየሆነ ነው?» ብዬ ወደ ካርቶኑ ጠቆምኩ። ሃምሳ ምናምን ጉሮሮ በአንድ ላይ «እየሞተ ነው» አለ። ልብ በሉ፤ ያስተማርኩትን በዜማ ሸምድደው የመለሱልኝ እነሱ ናቸው፤ እሱን ግን ሽምደዳ ብዬ አልቆጠርኩትም።

ጫልቱ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል አስተማሪ ይችልበታል። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ እኔን ሁለቱም በአንድ ዕድሜ ስላገኙኝ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጫልቱ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደብተሯን ገልጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ ገጹን ማየት ጀመረች። እኔም ለውጥ መጣ አልኩ። ልጆቹ ስም አወጡላት፤ «ሟቿ» አሏት። «ሟቿ መጣች»፣ «ሟቿ ቾክ አቀብዪን»። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ በጆሮዬ ሰማሁና ስልኬን እንደሚያይ ሰው አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ አሥራ ሁለት አመጣች። ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ። በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ እኛ አሁንም ሚኒስትሪ የምንለው። እሱን ያላለፈች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል አትገባም። ጫልቱ ካላለፈች ደግሞ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ፤ ታላቅ እህቷን እዚሁ አስተምሬያት ወድቃ ቀርታለች፣ አሁን ጄሪካን ተሸክማ ከእናቷ ጋር ደረጃ ትወጣለች። ስለዚህ አስተማሪ ግራ ሲገባው የሚያደርገውን አደረግሁ። «ወላጅ አምጪ» አልኳት።

ለአርብ ወላጅ አምጪ ያልኳት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤታችን ሱፐርቫይዘር ደወሉና የስልጠናውን የአፈጻጸም ዕቅድ አርብ እናያለን አሉ። ዕቅድ ለመጻፍ ሞጁሉ፣ ማለትም ስልጠናው ላይ የታደለን ጥራዝ፣ ያስፈልጋል። ሞጁሉን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የትልቁ ጠረጴዛ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የደገፍኩት ራሴ ነበርኩ። ስስበው ጠረጴዛው ዘመመና የሒሳብ አስተማሪዋ የሰናይት ሻይ ተደፋ።

«ለጠረጴዛ እግር ከአእምሮ ሌላ የሚደገፍ አጣህ?» አለችኝ።

የሰናይት ቀልድ ሁልጊዜ ቦታውን አያጣም። ሳቅሁላትና የመጨረሻውን ክፍል፣ ማለትም የሦስተኛውን ቀን የከሰዓት ትምህርት፣ ገለጥኩ።

እዚያ ላይ የተጻፈውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ተማሪ የተማረውን እንዲያጸናው ደብተሩን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ይዝጋው ይላል። ከዚያ ሳያይ ያስታውስ፤ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው በራሱ ቃል ይናገረው፤ የጠፋበትን ብቻ ገልጦ ይየው። አእምሮ ፈልጎ ያወጣውን ነገር አይለቀውም ይላል። ከጽሑፉ ጎን ትንሽ ሥዕል አለ፤ አንድ ልጅ ደብተር ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። የእኛ ዩኒፎርም ብቻ ነው የጎደለው።

ሥዕሉን ብዙ አየሁት። አፈርኩ። ሌላ ቃል ብፈልግለት ደስ ባለኝ ነበር፤ የለውም። ሰናይት ሻይዋን እየጠረገች «ምነው አመመህ?» አለችኝ፤ «አይ፣ ትንሽ ጨጓራዬን ነው» አልኳት። ጨጓራ ስንት ነገር እንደሚሸፍን ታውቃላችሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ ብዬ አላጋንንም፤ ተኝቻለሁ። ግን ወስኜ ነው የተኛሁት፤ ነገ እናቷ ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

አርብ ወይዘሮ ዲንቄ መጡ። ወተት አድርሰው ሲመለሱ ነው፤ ሁለቱን ባዶ ጄሪካን የመምህራን ማረፊያው በር ላይ አስቀምጠው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ክፍሉ ውስጥ ዳይሬክተሩ አሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ አሉ፣ ሰናይት አለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወይዘሮ ዲንቄ ቀደሙኝ።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

አማርኛቸው ረጋ ያለ ነው፤ ቃሉን መርጠው ነው የሚያወጡት። «ማታ ማታ ላም ሳልብ አጠገቤ ትቆማለች። ዛሬ ምን ተማርሽ እላታለሁ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ እጄም ወተት ነው፤ ደብተሩን ተይና በአፍሽ ንገሪኝ እላታለሁ። በእኛ ቋንቋ ትነግረኛለች። ካልገባኝ እንደገና በይ እላታለሁ። አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ እንዲህ ነን። ለእኔ የምትነግረኝ እንዳይጠፋት ትምህርት ቤት ሆና ትለማመዳለች። አንድ ቀን መጣችና ይሄ አእምሮ ይገድላል ብሏል ቲቸር አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠይቄያት አላውቅም። ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ አላወቅኩም። ልጄን ጎድቻት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ብቻ ፈተናው እንዳያመልጣት።»

እንግዲህ ሰዓቱ ያ ነበር። ሴትዮዋ ስምንት ዓመት ሙሉ ላም እያለቡ ያስተማሩትን እኔ ቁርጥ ቤት ሆኜ አምልጦኛል፤ አምልጦኝም አልቀረ፣ አስቁሜዋለሁ። ከንፈሯ ላይ የነበረው ሽምደዳ እንኳ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ ያስተማርኳትን ለእናቷ በኦሮምኛ ትመልሰው ነበር። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። ሞጁሉን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ቀና ስል ዳይሬክተሩ በኩራት እያዩኝ ለሱፐርቫይዘሩ «አዩ፣ ስልጠናው ወላጅ ድረስ ወርዷል» አሉ። ሱፐርቫይዘሩ ጻፉ።

አፌም እንዲህ አለ፤ «ግድ የለም እናቴ፣ ባለማወቅ ነው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ይቅር አልኳቸው። ወይዘሮ ዲንቄ ከወንበሩ ተነስተው እጅ ነሱኝ። ሲወጡ ከነጠላቸው ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሊትር ወተት አወጡና «ለልጆች» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ጠረጴዛው ትንሽ ዘመመ። ወተቱን ወደ ቤት ወሰድኩት። ሚስቴ አፈላችው። ጠጣሁት፤ ጥሩ ወተት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ተኩል ይቅርታ ጻፍኩ፤ መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው፣ «የመረጃ ቅበላ» የሚልም ሳላስበው ገብቶበታል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የለቡ ታክሲ ያዝኩ። ከወረድኩ በኋላ ሰው እየጠየቅሁ፣ ጅምር ፎቆችን አልፌ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ደረስኩ። ወይዘሮ ዲንቄ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያልባሉ። ጫልቱ ጥጃውን በገመድ ይዛ ቆማለች። ሲያዩኝ ሊነሱ አሉ፤ «በፈጣሪ፣ አይነሱ» ብዬ ወረቀቴን አወጣሁ።

«መምህር፣ እሱን እኔ ማንበብ አልችልም» አሉኝ።

«እኔ አነብልዎታለሁ።»

«ወረቀቱን ይተዉት። በአፍዎ ይንገሩኝ።»

እጃቸው ማለቡን አላቆመም። ለቀልድም አላሉትም፤ የለመዱት ነገር ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ጠዋት የጻፍኩትን ለማስታወስ ሞከርኩ። መግቢያው ጠፋ። ሐተታው ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አስነስቼ «መልስ፣ ምን ያዘህ?» ስል የኖርኩ ሰው፣ ጥጃና ጫልቱ እያዩኝ አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

«ጫልቱ ልክ ነበረች። እርስዎም ልክ ነበሩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትናንትም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

የወተቱ ድምፅ ቆመ። ላሟም ዞር ብላ አየችኝ። ወይዘሮ ዲንቄ «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ቤቴ ድረስ መጥተዋል። እኔ ይቅር ብያለሁ። የእሷን ግን እሷን ይጠይቋት።»

ዞርኩ። «ጫልቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሺ ቲቸር» አለች፤ የሠለጠነች ልጅ ናት። ዓይኗ ግን ጥጃው ላይ ነበር። ገመዱን እጇ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመችውና ቀስ ብላ «የሳቁት ግን እዚህ አይደለም» አለች።

እናቷ አልተቆጧትም።

ዛሬ እሁድ ነው። ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ሳሎን ተቀምጬ ክፍሉ ፊት የምለውን እየተለማመድኩ ነው። ወረቀት አልይዝም ብያለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ጣቴን እያጠፍኩ። ሚስቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ጣት፤ ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ ጫልቱ የምታደርገውን ሁላችሁም አድርጉ። ሁለተኛ ጣት፤ እሷ ላይ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ፣ ሟቿ የሚለውን ስም ያወጣችሁትም በእኔ ሰበብ ነው። ሦስተኛ ጣት፤ እናቷ እኔ ላጠፋሁት ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እኔም ይቅር አልኳቸው።

ከጠዋት ጀምሬ ሁለቱ ጣቶች ይታጠፋሉ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ሞጁሉ፣ «የጠፋበትን ገልጦ ይየው» ይላል። እኔ ግን ቃሉ አልጠፋብኝም።